ቁልፍ

«ዉች» ነው የከተማዋ ስም፣ ጀልባ ነው በፖላንድ አፍ ሲተረጎም፤
ወንዞቿን ግን ካስፋልት ስር ቀብራ፣ ቀዘፋ አታውቅም።
ጥጥ ስትፈትል ኖራ አንድ ቀን መዘውሯ ቆመ፤
ጭስ ማውጫው ብቻውን ሰማይ ተሸከመ።
ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያ የመፍተያ ቤት
ርግብ ተከራይቶት፣ ነፋስ ነግሦበት፣
መስኮቱ ረግፎ፣ ጣሪያው ዝናብ ጠጥቶ
ቆየና፣ ቆየና፣
አፓርታማ ሆነ፣ ቀይ ጡቡ ታጥቦ ወጥቶ።

እኔም ከገቡት ነኝ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ወለሉ እንጨት ነው፣ መስኮቱ እስከ ሰማይ።
ዕዳው ሠላሳ ዓመት። ባንኩ ነው ጌታው፤
እኔ ዘበኛው ነኝ፣ ማታ ማታ መብራት የማበራው።
ቁልፉን የሰጡኝ ቀን፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤
ትራሴ ስር አድርጌው እንደ ልጅ ነው የተኛሁት ያን አዳር።

ከመስኮቴ ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣
የወይዘሮ ገኖቬፋ ሱቅ አለ፤ መደርደሪያው ሙሉ፣ ደጃፉ ግን ባዶ።
እሷም ቁልፍ ነው የምትሸጥ፦
የካፖርት፣ የሸሚዝ፣ የሕፃን ሹራብ፤
ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ባለ አራት፣ ሞላላና ክብ፤
መቶ ሰማንያ መሳቢያ፣ በየግንባሩ ላይ አንዳንድ ቁልፍ የተሰፋ፣
መብራት ቢሄድ እንኳ ለጣቷ የማይጠፋ።

ፋብሪካው ሲዘጋ ዳቦ ቤቱ ሄደ፣
ፎቶ ቤቱ ሄደ፤
ሰዓት አዳሹ ቪቶልድ «ጊዜ ከዳኝ» ብሎ ሻንጣውን አንሥቶ ተሰደደ።
ገኖቬፋ ቀረች። «ሰው ይመለሳል» አለች።
ያን ሁሉ ዘመን ደጇን እየጠረገች
ጠበቀችን።
መጣን።
መጣንና ኪራይዋ እጥፍ ሆነ።
አልጋው ሥር ቁጭ ብላ ያስታመመችው ሰፈር ድኖ ሲነሣ
የመጀመሪያ ቃሉ «ውጪልኝ» ሆነ፤ ምስጋናውን ረሳ።

እኛስ?
ልብሳችን በካርቶን፣ በብስክሌት ይመጣል፤
ቁልፉ የወደቀ ቀን ልብሱም አብሮ ይጣላል።
በቤቱ ማስታወቂያ፣ ገጽ ሦስት ላይ፣ የሷ ሱቅ ነው ሥዕሉ፤
«ነፍስ ያለው ሰፈር» ይላል ከሥሩ ቃሉ።
ነፍሱንም ጨምሬ ነው የገዛሁት ማለት ነው፣ በካሬ ሜትር ተለክታ፤
እሷ ግን ከሽያጩ አልደረሳትም አንዲት ስሙኒ ለአንዲት ማታ።

ኅዳር ላይ ከካፖርቴ አንድ ቁልፍ ወደቀ።
ከገባሁ በስምንት ወሬ መንገዱን ተሻገርኩ፤
አስራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ልቤ ግን ተሳቀቀ።
መነጽሯን አወረደች። የቀሩትን ቁልፎች በአውራ ጣቷ ዳበሰች።
መሰላል ወጣች፣ ወረደች፣
መሳቢያ ሳበች፣ መለሰች፤
አርባ ደቂቃ።
ጓዳ ገብታ ደግሞ መቀስ ሲንቋቋ ሰማሁ።
«ይኸው ወንድሙ» አለች። «ሁለት ዝሎቲ።»
ሃምሳ ዘረጋሁና «መልሱ ይቅር» አልኩ።
ቀና ብላ አየችኝ። አርባ ስምንቱን አንድ ባንድ
መዳፌ ላይ ቆጠረች።
«እዚህ ቤት ምጽዋት አንሸጥም» አለች።

በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። «ከዚያ ፎቅ ነህ?»
«አዎ፣ ከአራተኛው።»
«እናቴ አራተኛው ላይ ነበረች። የዚያ ማሽን ጩኸት ነው
ጆሮዋን የወሰደው።»
ዝም አለች። ከዚያ፣ «አሁንስ ጸጥ ይላል?»
«በጣም» አልኳት።

ማታ መርፌ ይዤ መብራት ሥር ተቀመጥኩ።
አንዱ ቁልፍ በር ይከፍታል፣ አንዱ ደረት ይዘጋል፤
የአንዱን ዕዳ ባንኩ በየወሩ ይቆጥራል።
ሌላውን ገልብጬ አየሁት፤
በአራቱ ቀዳዳ ውስጥ፣ በመቀስ የተቆረጠ፣
ያረጀ ክር አለ፣ በአቧራ የገረጣ፣
ከመሳቢያ ግንባር ተነቅሎ የመጣ።